ቋሚ

«ምን በልተሽ ነው?» አለች ነርሷ፣ ሆዴን በጣቷ እየነካች፤
«ቃሪያ ታበዣለሽ?» ብላ፣ ሳልመልስ «ጨጓራ» ጻፈች።
የበላሁትማ ቀን ነው።
ከኅዳር ሰባት ጀምሬ፣ በየማለዳው አንድ አንድ፣
እንደ ጥሬ ስቆረጥመው፣ ሲወርድ ደረቴን ሲያነድ።
ዘጠና ነበር ሲሰጡኝ፤ አሥራ አንድ ብቻ ቀረው፤
ከየካቲት ሰባት ወዲያ ያለውን እሱ ነው የሚያውቀው።

«ወር አበባሽስ?» አለች።
ከጥቅምት ወዲህ አላየሁም።
ቀና ብላ አየችኝ። «ኧረ እኔ እርጉዝ አይደለሁም!
ከማን ላርግዝ? ከካውያው?»
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።
ገላዬ የፋብሪካውን ጠባይ ተማረ መሰለኝ፤
«ውሌ ሳይታደስ አልሠራም» ብሎ አድማ መታብኝ።
ሽሮፕ ሰጠችኝ። ጠርሙሱ ላይ «ከምግብ በፊት» ይላል።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ፓርኩ በር ላይ ተፈትሼ
እገባለሁ፤ እስከ አሥራ አንድ በእንፋሎት ታፍኜ
የማላውቀው አገር ላለ፣ ለማላውቀው ሰው አንገት
ኮሌታ እተኩሳለሁ።
ሽንት ቤት በካርድ ነው፤ ወንበር የሚባል ነገር የለም፤
እቆማለሁ። ማታ ጫማዬ እግሬን በቀላሉ አይለቅም።
የአማርኛችን ነገር ግን አንዳንዴ ብቻዬን ያስቀኛል፦
በሚሽከረከር ወንበር ላይ የተቀመጠው «ቋሚ» ይባላል፤
ቀኑን ሙሉ የምቆመው እኔ፣
«ጊዜያዊ»።

የሚያመኝ መንጋጋ ጥርሴ፣ ከየካቲት ሰባት በኋላ ይነቀል።
ብርድ ልብሱም ከየካቲት ሰባት በኋላ።
ጀውሃር፣ የበርበሬ ወንዙ ባለ ባጃጅ፣
ሂሳብ አልቀበልም ብሎ፣ መሪውን ይዞ መሬት መሬት እያየ፣
«ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ።
«ሰባት ይለፍ» አልኩት።
ደነገጠ። «የማን ሰባት? ማን ሞተብሽ?»
«እስካሁን ማንም» አልኩት።

እናቴ ከደሴ ትደውላለች፣ ከሰኞ ገበያ፣ ሰው ሲጯጯህ፤
«ጦሳን ጉም ውጦታል ዛሬ፤ እናንተ ጋ ኮምቦልቻ ይሞቃል አይደል?»
«ይሞቃል» እላለሁ፣ ያልገዛሁትን ብርድ ልብስ ተከናንቤ።
«ሥራስ?»
«አልሐምዱሊላህ።»
«ድምፅሽ ምነው ቀጠነ?»
«ኔትወርኩ ነው።»
ሐረጎ ላይ ኔትወርክ ይቆራረጣል፤ ውሸት አይደለም።
እኔ ግን ሐረጎ ላይ አልነበርኩም።

ሌሊት ጦይባና እኔ፣ በአንድ ፍራሽ ጀርባ ለጀርባ፣
ጠመዝማዛውን የሚወርድ ሲኖትራክ ፍሬኑ ሲያለቅስ
አብረን እንሰማለን።
«ተኝተሻል?» እላታለሁ።
«አዎ» ትለኛለች።
ክረምቱንም በጋውንም እንዲህ ነው የተኛነው።

የካቲት ሰባት። ምግብ አዳራሹ በር ላይ ዝርዝር ተለጠፈ።
ሰው በሰው ላይ ተነባብሮ፣ ጣት በጣት ላይ ተላለፈ።
ጦይባ፦ ቋሚ።
እኔ፦ ዘጠና ቀን፣ እንደገና።
አቀፍኳት። ወላሂ ከልቤ ነው ያቀፍኳት፤
ከልቤ ዝቅ ብሎ ያለው ነው የተቃጠለው።

ያን ማታ ጦይባ አንኮራፋች።
ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር፣ እንደምታንኮራፋ አላውቅም ነበር።
እንደ ወፍጮ ቤት፣ እንደ ባለርስት፣ አፏን ከፍታ፣
አንድ እጇን ትራሱ ላይ፣ አንዱን እኔ ላይ ዘርግታ።
ሌላ ጊዜ ቢሆን በክርኔ እጎሽማት ነበር።
ዝም ብዬ አዳመጥኩ። እንቅልፍ ለካ ድምፅ አለው።
ሲኖትራኩ ወረደ፣ ፍሬኑ እንደ ወትሮው አለቀሰ፤
እጇ ከላዬ አልተንቀሳቀሰ።
«ተኝተሻል?» አልኳት ቀስ ብዬ።

አልመለሰችልኝም።